በጥያቄ ሰባት ላይ ስለጻፍኩት መልስ፣ ለሆቴል ሙያ ኮሌጃችን ዳይሬክተር

ለክቡር ዳይሬክተራችን፣
አፒያ ከተማ

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ሳያቋርጥ ይሰንብትልን። እኛ ተማሪዎችዎም መስኮቱ በማይከፈተው ክፍል ናፕኪን እያጠፍን ደህና ነን።

ባለፈው እሑድ በጋዜጣ «የዛሬ ልጆች የሆቴል ሥራ ይንቃሉ፤ ሳያገለግሉ መሾም ያምራቸዋል» ብለው የጻፉትን አንብበናል። ያን የተማሪዎች አመለካከት መጠይቅ ያስሞሉን ለካ ሊያውቁን ሳይሆን ሊሰድቡን ኖሯል! ስለ ግልጽነትዎ እያመሰገንኩ፣ እኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዋ አቴሊታ ሌአፓይ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. «ስም አይጻፍም፤ በነፃነት መልሱ» ብለውን ነበር። ከወረቀቱ ጀርባ የመቀመጫችን ቁጥር እንዳለ መንገሩን ግን ዘነጉት። ይሁን፤ ሰው ነዎትና ይረሳሉ።

፪. ጥያቄ ሰባት «ከዐሥር ዓመት በኋላ ራሳችሁን የት ታያላችሁ?» ይላል። እኔም «በሆቴል ሥራ አስኪያጅ ወንበር» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ አስጠርተው፣ «ይሄ ትዕቢት ነው፤ ‹እንግዳ በደስታ ሳስተናግድ› ብለሽ ካላስተካከልሽ ምስክር ወረቀትሽን እርሺው» አሉኝ። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ወረቀት በአንድ መስመር ተያዘ። ክቡርነትዎ፣ አንጀቴ አሯል፤ በአክብሮት ነው ያረረው።

፫. መንደራችን ተማሪ ሊመለምሉ መጥተው በመንደሩ አለቆች ፊት «የሥልጣን መንገዱ አገልግሎት ነው» የሚለውን የአባቶቻችንን ብሂል ሲጠቅሱ፣ አባቴ በስምምነት ራሱን ነቅንቆ እኔን ሰጠዎት። በእኛ ቤት ታናሽ ለታላቅ ያቀርባል፤ ዝንብ እያባረረ ይቆማል፤ ኋላ ይበላል። ይህን ያሳመረ ግን አንድ ቀን አለቃ ይሆናል፣ በተራውም ይቀርብለታል። እርስዎ እኛን የሚልኩባቸው ሆቴሎች ግን አገልግሎቱን ከእኛ ወስደው ሥልጣኑን ከባሕር ማዶ ያስመጣሉ። አክስቴ ማታሊና ዐሥራ አንድ ዓመት የምግብ አዳራሽ ስትመራ ሦስት ሥራ አስኪያጆችን ሥራ አስተምራለች፤ ሦስቱም አዘዋት፣ ሦስቱም ተሸኙ። «አንቺ ልጅ፣ ስንቱን አሳድጌ ዳርኩ መሰለሽ!» እያለች ትስቃለች። እኔን አያስቀኝም።

ለመሆኑ ሥራውን የናቀው ማን ነው? ሳህን መሸከም አሳፍሮኝ አያውቅም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። የሚያሳፍረኝ እስከ ጡረታ ሳህን ብቻ ተሸከሚ መባሌ ነው። ከክፍላችን አርባ ስምንት ተማሪዎች አርባ አንዱ በመጠይቁ ላይ ሆቴል አንገባም ሲሉ፣ ከመስደብዎ በፊት «ለምን?» ቢሉን ምን ነበረበት?

መልሴን አልቀይርም። ምስክር ወረቀቴን ያስቀምጡልኝ፤ ከስሜ በታች ያለው ፊርማ የእርስዎ ስለሆነ በየጊዜው ቢያዩት አይሰለችዎትም።

በፈገግታ አሰጣጥ ፈተና ከክፍሉ አንደኛ የወጣችው፣ ይህን ስትጽፍ ግን ፈገግ ያላለች፣
ታዛዥ ተማሪዎ
አቴሊታ ሌአፓይ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳሽግ አክስቴ ደወለች። አራተኛው ሥራ አስኪያጅ ሰኞ ሥራ ይጀምራል፤ ጠረጴዛ ማሰናዳት እንድታስተምረው ተነግሯታል። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የክፍል ጓደኛዬ፣ የእኅትዎ ልጅ ኢያኮፖ ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት። ምስክር ወረቀቱን ባለፈው ሳምንት ተቀብሏል። አጠገቤ ተቀምጦ በጥያቄ ሰባት ላይ «ከሆቴል በቀር የትም» ብሎ ሲጽፍ አይቼው ነበርና፣ «አስተካክል አላሉህም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ምኑን?» አለኝ።