ቤቲ አማርኛ ትሰማ ይሆን?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ይቺ ሆስፒታላችን በኮንትራት የመጣችው አዲሷ ትራቭል ነርስ ቤቲ ሳትሸውደኝ አልቀረችም። «ቴክሳስ ነው የተወለድኩት፣ አማርኛ አልችልም» ብላን ነበር። እኔም አምኜ ፊቷ ቆሜ በአማርኛ ስቦጭቃት ከረምኩ። አረማመዷ እንኳ የዳክዬ ነው ብያለሁ።

ዛሬ ይሄንኑ ስደግም በሽተኛችን ጋሼ መኮንን በሳቅ ተንፈቀፈቁ። የሷም ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየሁ! ልፈትናት ብዬ «ፀጉርሽ ላይ በረሮ አለ!» አልኳት። ንቅንቅ አላለችም።

ትንሽ ቆይተው ጋሼ በእንግሊዝኛ ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቋት። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «ኧ!» አለች። ልክ እንደ እናቴ! ቴክሳስ ውስጥ «አዎ» እንዲህ ነው እንዴ የሚባለው? ፈረንጅ ቢሰማት አስም ተነሳባት ብሎ ኦክስጅን ያመጣላት ነበር።

«ጋሼ፣ ሰሟት?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«አለቀልህ፣ አንተ ወሬኛ!» ብለው ሳቁብኝ።

እኔም እንደሷ በኮንትራት የመጣሁ የነርስ ረዳት ነኝ። አለቃችን ኮንትራቴን ከማራዘሟ በፊት ነገ ስለኔ የምትጠይቀው አብራኝ የምትሠራውን ቤቲን ነው። ጠዋት ቀድሜ ይቅርታ ልላት ነው። በእንግሊዝኛ ብላት «የምን ይቅርታ?» ትለኛለች፣ ያልኩትን ሁሉ ልተረጉምላት ነው። በአማርኛ ብላትና በእንግሊዝኛ «አልገባኝም» ብትለኝስ?