ቀይ የማይበራበት ሆስፒታል

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤንነት፣ ለሳንባዎ ደግሞ ለብቻው ልዩ ጤንነት እመኛለሁ። ሳንባዎን ነጥዬ ያነሣሁበትን ምክንያት ደብዳቤዬን በትዕግሥት ካነበቡልኝ ይደርሱበታል። እኔ ከሆስፒታልዎ ዋና በር ፊት ለፊት ያለችው የፀጉር ማስተካከያ ቤት ባለቤት ነኝ። አንድ ሁለት ጊዜ እኔ ዘንድ ተስተካክለው ስለሚያውቁ ጭንቅላትዎን፣ ቢያንስ በውጭ በኩል፣ በደንብ አውቀዋለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን በሁለተኛው ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ፣ በኦክስጅን የምትተነፍስ ሴት ባል ሆኜ ነው።

ደብዳቤዬን በአደባባይ በማውጣቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። መጀመሪያ በአዲሱ የአስተያየት መስጫ ማሽን ልጽፍልዎ ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን «ረክቻለሁ» እና «በጣም ረክቻለሁ» ከሚሉት በስተቀር የሚነካ ቦታ አጣሁበት።

ሆስፒታሉን ወደ ዲጂታል አሠራር ስላሸጋገሩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በመግቢያው አዳራሽ የተሰቀለው ትልቅ ስክሪን እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል ሙሉ የኦክስጅን ሲሊንደር እንዳለው በቀለም ያሳያል፤ በቂ ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲያንስ ቀይ። ባለቤቴን ይዤ ከገባሁ ጀምሮ አንድም ቀን ቀይ በርቶ አላየሁም። ይህ በረከት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጉጉት አድሮብኝ ስጠያይቅ የደረስኩበትን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ሲስተሙ ሥራ በጀመረ ሰሞን የሕፃናት ክፍል ኃላፊ የሆነች ነርስ ሲሊንደር ሲያንሳት እውነተኛውን ቁጥር ወደ ስክሪኑ በሚላክበት ታብሌት ሞልታ ክፍሏን ቀይ አደረገች። እርስዎም በሰኞው ስብሰባ ላይ በባልደረቦቿ ፊት አስቁመው ሆስፒታሉን ለማሳጣት እንደሆነ ከጠየቋት በኋላ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንዳዛወሯት ሠራተኞችዎ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው አጫውተውኛል። ስለዚህ ብልኃትዎ አመሰግናለሁ፤ አንዲት ነርስ በማንሣት የሆስፒታሉን ቀይ ሁሉ አጥፍተዋል። ከዚያ ወዲህ ሲሊንደር ያለቀበት ክፍል ቆጠራ ሲደርስ ከጎረቤት ክፍል በጋሪ ያስመጣል፤ ከተቆጠረ በኋላ ይመልሳል። ያው አንድ ሲሊንደር ጠዋት እኛ ክፍል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲቆጠር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

፪. የግዢ ክፍልዎ ከወንበሩ መነሣት ሳያስፈልገው ስክሪኑን ብቻ አይቶ ስለሚያዝ፣ ስክሪኑም ሁልጊዜ አረንጓዴ ስለሆነ፣ ማዘዙን ከተወ ሰነባብቷል። ቀድሞ የኦክስጅን አቅራቢው መኪና በሩ ላይ እየቆመ ሱቄን ያጨልምብኝ ነበር። አሁን መኪናው ቀርቶ ሱቄ ብርሃን በብርሃን ሆናለች። ስለ ብርሃኑም አመሰግናለሁ።

፫. ነርሶችዎ ከድሮ ጀምሮ በባዶ ሲሊንደር አንገት ላይ ቁራጭ ፋሻ የማሰር ልማድ ነበራቸው። መለኪያ የሚገጠመው አገልግሎት ላይ ባለው ሲሊንደር ብቻ ስለሆነ፣ መጋዘን ውስጥ ሙሉውን ከባዶው የሚለየው ያ ፋሻ ነበር። ተሞክሮዎን ሊቀስሙ እንግዶች በመጡ ጊዜ ግን ይህ ኋላ ቀር ነገር ዓይን እንዳያስቀይም ብለው ፋሻው ሁሉ እንዲፈታ አዘዙ። ሠራተኞችዎ ታዛዦች ናቸውና አንድም ሳያስቀሩ ፈቱት። ባዶዎቹን ለይተን እናስቀምጥ ብሎ የተነፈሰ ሰው አልነበረም፤ እንዲያ ማለት ባዶ አለ ብሎ ማመን ነውና።

ባለፈው ማክሰኞ የሚስቴ ሲሊንደር አለቀና ከመጋዘን ሌላ መጣ። ገጠሙት፤ ባዶ ነበር። ሌላ እየሮጡ አመጡ፤ እሱም ባዶ። ከንፈሯ ሲጠቁር፣ ጣቶቿ አንሶላውን ሲቧጥጡ፣ እኔ ምንም ማድረግ ሳልችል ቆሜ አየሁ። ቀጥሎ በመጣው ሦስተኛ ሲሊንደር ትንፋሿ ተመለሰ። ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ምላጭ ይዤ ዓይኔ ወደ ሁለተኛው ፎቅ መስኮት ይሄድብኛል፣ ደንበኞቼም ጢማቸውን ቤታቸው መላጨት ጀምረዋል። ልቤ ሲረጋ ወደ አዳራሹ ወርጄ ስክሪኑን ተመለከትኩ። ክፍላችን አረንጓዴ ነበር።

፬. ስለ ሥራ ባህል እርስዎን ለማስተማር መነሣት ድፍረት ቢሆንም፣ ከሙያዬ ያገኘሁትን አንዲት ነገር ልጨምር። ደንበኛዬን ስጨርስ ከኋላው መስታወት ይዤ ማጅራቱን አሳየዋለሁ፤ «አላማረኝም» ያለኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ያበላሸሁበት እንደሆነ የማውቀው በማግስቱ ባርኔጣ አድርጎ በሱቄ በር ሲያልፍ ነው። እርስዎም ውድና ትልቅ መስታወት ገዝተው አዳራሹ ውስጥ ሰቅለዋል፤ ፊት ለፊቱ የሚቆመው ሰው ግን እንደ ድሮው አለቃውን ይፈራል። የሚፈራ ሰው በወረቀትም ይዋሻል፣ በታብሌትም ይዋሻል፤ በታብሌት ሲሆን ውሸቱ ፈጥኖ ይደርሳል፣ ያምራልም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ዛሬውኑ አንድ መኪና ኦክስጅን ይዘዙ፤ ፋሻው ይታሰር፤ ያችን ነርስ ከልብስ ማጠቢያው መልሰው በዚያው በሰኞው ስብሰባ ላይ፣ በዚያው ሰው ሁሉ ፊት፣ ይቅርታ ይጠይቋት። ስክሪኑ ለጥቂት ቀናት ቀይ በቀይ ቢሆን እኛ በሽተኞቹና አስታማሚዎቹ አንቀየምዎትም።

ክቡር ጆሮዎ መልካም ዜና እንጂ ሌላ እንዳይሰማ ላይ ታች ከሚሉት ሠራተኞችዎ ጋር በአንድ ኮሪደር የምውል፣ ትንፋሼን ውጬ መልስዎን የምጠባበቅ፣ የዘወትር አክባሪዎ፤

በመስኮቱ በኩል የተኛችው ሕመምተኛ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከሚስቴ ክፍል ልወጣ ስል አንዲት ሠራተኛዎ ጠጋ ብላ በለሆሳስ፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜና እሁድን ከበሽተኛዎ አጠገብ አይለዩ» አለችኝ። ለምን ብዬ ብጠይቃት በዓይኗ ወደ ሲሊንደር መጋዘኑ አመልክታኝ ሄደች። ማን እንደሆነች ለማጣራት አይድከሙ። ኮሪደሩ ብርድ ልብስ ታቅፈው በመጡ አስታማሚዎች ተሞልቷል፤ አንድ በአንድ ብጠይቃቸው ሁሉም ይህንኑ ቃል ሰምተው ነው የመጡት፣ እያንዳንዳቸውም ከተለያየ ሠራተኛ። ክቡርነትዎም እዚህ የተኛ ዘመድ ካለዎት፣ ከሠራተኞችዎ ደፍሮ የሚነግርዎት ስለማይኖር፣ እኔ ልንገርዎት፤ ከአጠገቡ አይለዩ።