«ለእኔ ብቻ» ብለህ የጫንከው ፕሮግራም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ቤት ውስጥ «ትልቁ» ለምንልህ።

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህስ፣ ልጆችህስ ደህና ናቸው? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ? ከልቤ ነው የምጠይቅህ፤ ደህና ሆነህ፣ ቁጭ ብለህ ይህን ደብዳቤ እንድታነበው እፈልጋለሁ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንዳለ ነው። የአባባ ዓይን ግን ጨርሶ ጠፍቷል፤ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ የሚያውቁት በፀሐዩ ሙቀት ነው።

ወንድም ጋሼ፣ አንጀቴ አርሯል። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ከመሄድህ በፊት አብረን በምንሠራበት ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ የገጽ ማቀናበሪያውን ፕሮግራም ስትጭን አጠገብህ ቆሜ ነበር። «ለሁሉም ተጠቃሚዎች ወይስ ለእርስዎ ብቻ?» ብሎ ጠየቀህ። ዓይንህን ሳታሽ «ለእኔ ብቻ» የሚለውን ተጫንክ። በማግስቱ በራሴ ስም ስገባ ፕሮግራሙ የለም። ምን ላድርግ ብዬ ብጠይቅህ፣ ሁለት ቦታ ከተጫነ ፊደሎቹ ይዘበራረቃሉ፣ በእኔ ስም እየገባሽ ሥሪ አልከኝ። እኔ ቂሏ አመንኩህ። አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወንበሬን ስቤ የመጀመሪያ ሥራዬ የአንተን ስምና የይለፍ ቃል መጻፍ ነበር። የይለፍ ቃሉም «አትንኩብኝ» ነው። ሌላ ቃል ጠፍቶ!

ያ ፕሮግራምህ ደግሞ በእያንዳንዱ መጽሐፍ መጨረሻ ገጽ ላይ የገባበትን ሰው ስም በራሱ ያትማል። «ፊደል ለቃሚ፦ ትልቁ» ይላል። ባጠፋው ወደ ማተሚያው ስልከው ተመልሶ ይመጣል። ገጹን ያስተካከልኩት እኔ፣ ዓይኔ እስኪቀላ ግድፈት ያረምኩት እኔ፣ ለቃሚው አንተ። ምን ቸገረኝ፣ ሥራው ከተሠራ ይበቃል ብዬ ተውኩት።

የመረረኝ በአባባ መጽሐፍ ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ ከእርሳስ ማዕድን የተቀረጸ ፊደል በእጃቸው እየለቀሙ ገጽ ሲደረድሩ ስለኖሩበት ዘመን በቃል እየነገሩኝ በደብተር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በኮምፒውተር የለቀምኩትም እኔ ነኝ። አባባ በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመናቸው አንድም መጽሐፍ ላይ ስማቸው ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ መጽሐፉ ሲደርሳቸው ከሁሉ አስቀድመው ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ጠርተው የመጨረሻዋን ገጽ አስነበቡት። እሱም «ትልቁ» ብሎ አነበበላቸው። አባባ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ለጥፈው አለቀሱ። ልጄ ያን ያህል ርቆ እንኳ ሙያዬን አልረሳም አሉ።

ወዲያው አንተ ጋ አስደወሉና መረቁህ። «አሜን፣ አባባ» አልክ። በምን አፍህ ነው አሜን ያልከው? አንዲት መስመር ለቅመሃል? እኔ ነኝ የሠራሁት ብላቸው ደግሞ፣ «ሚጢጢ፣ ወንድምሽን አትመቀኚው» አሉኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተዋርጄ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተር ጠጋኙ ለሌላ ጉዳይ መጥቶ በአንተ ስም ስገባ አየኝና ሳቀ። ለሁሉም ሰው ለመጫን የኃላፊው ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለራስ ብቻ ለመጫን ግን ማንንም ማስፈቀድ የለም፣ አንቺም በራስሽ ስም በመጀመሪያው ቀን መጫን ትችዪ ነበር አለኝ። የሚዘበራረቅ ፊደል የሚባል ነገርም የለም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ታውቅ ነበር አይደል? ወይስ ሳታውቅ ነው እንደ አዋቂ የነገርከኝ? የትኛው እንደሚያሳፍር አንተው ምረጥ።

ኃላፊያችንን አስፈቅጄ ለሁሉም ጫንኩት። አዲስ የገቡት ሁለቱ ሴቶች እያንዳንዳቸው በስማቸው ገብተው እየሠሩ ነው። የአንተን አልሰረዝኩትም፤ ማንም ሳይነካብህ እዚያው ተቀምጦልሃል።

እሁድ ከምሳ በኋላ እንደልማድህ ትደውላለህ። ስልኩን እኔ አላናግርህም፤ አባባ ጆሮ ላይ ነው የማደርገው። እውነቱን ከአንተ አፍ ይስሙ። እኔ ብናገር ቅናት ነው የሚሉት። ከነገርካቸው ወደፊትም ወንድም ጋሼ እልሃለሁ። ካልነገርካቸው ግን ዳግመኛ ወንድሜ ብዬ አልጠራህም።

ሚስትህን ሰላም በልልኝ፤ እሷ ምንም አላደረገችኝም። ለትልቋ ልጅህ፣ የላከችልን ሥዕል ግድግዳችን ላይ እንደተሰቀለ ንገራት። ትንሹን ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ ትስምሃለች፤ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልህ ታውቃለች፣ «አትለዝቢ» ብላኛለች። አባባም በየጠዋቱ ስምህን እየጠሩ ይመርቁሃል፤ እስከ እሁድ ድረስ።

ከማተሚያ ቤቱ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ማክሰኞ፣ ሰኔ ፬ ቀን

ፊደል ለቃሚ፦ ሚጢጢ