አያ ውበቱ በሰው ሁሉ ስልክ

ሰኞ

ፎቶው ከእጃችን ወጥቷል። ጧት ማስታወቂያና ድረ ገጽ የምንሠራበት ስቱዲዮ ስገባ ባልደረባዬ ሙሉቀን ላፕቶፑን ወደኔ አዙሮ «ይህን አይተሻል?» አለኝ። አያ ውበቱ ናቸው። ለልጃቸው የቀርከሃ ዕቃ መሸጫ ገጽ ያነሳኋቸው፣ በአዲሱ ወንበር ተቀምጠው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸውን ከፍተው። አንድ የማናውቀው የቀልድ ገጽ ከላዩ «ኔትወርክ ስፈልግ» ብሎ ጽፎበታል።

እውነቱን ልጻፍ፤ መጀመሪያ ሳቅሁ።

ሰውየው ኔትወርክ አልፈለጉም። ልጃቸው እንዳለ የሠራውን ወንበር ሲመርቁ ነበር። «ገበያው ይቅናችሁ፣ እጃችሁ ይባረክ» ይላሉ፣ እኛ አሜን እንላለን። ፎቶ ላይ ምርቃቱ አይሰማም፤ የቀረው የተከፈተ አፍ ነው። እንዳለማ ባዶውን ወንበር ለጥፉልኝ ብሎ ነበር። «ሰው የሌለበት ወንበር ማን ዞሮ ያየዋል? የአባትህ ፊት ይሻላል» ያልሁት እኔ ነኝ። ሙያዬ አይደል! ይኸው ታየ።

ማክሰኞ

ዛሬ ፎቶው ላይ ያየኋቸው ጽሑፎች፦
መብራት መጣ ሲባል።
ፈተና ላይ መልሱን ከሰማይ ስጠብቅ።
ቅርጫ ሲከፋፈል ጉበቱ ለኔ እንዲደርሰኝ።

ፎቶውን ከኛ ገጽ አጠፋነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለቀልደኛው «እኚህ አባት የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፣ እባክህ አንሣው» ብዬ ጻፍሁለት። የሚስቅ ፊት ላከልኝ። ሌላ ምንም።

ከሰዓት እንዳለ መጣ። ይጮኽብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልጮኸም። «አባባ ስልክ የላቸውም፣ ላይሰሙ ይችላሉ» አለ። ሦስታችንም ያንን ተስፋ ይዘን ተለያየን። የሙሉቀን ሻይ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ፤ የከተማችን የቆሰበር ብርድ ደግሞ ፋታ አይሰጥም።

ረቡዕ

ሰሙ።

ጥሊሊ ገበያ ውለው በሚኒባስ ሲመለሱ አጠገባቸው የተቀመጠ ጎረምሳ ስልኩን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ስልኩን አየ፣ «ሰውዬው እኮ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። ስልኩ ከኋላ ወንበር እስከ ሾፌሩ ዞረ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እሳቸው «አውርደኝ» ብለው ከመድረሻቸው በፊት ወረዱ፣ የቀረውን በእግራቸው ሄዱ። ይህን እንዳለ በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ኔትወርኩ ይሁን ልቅሶ አልለየሁም።

የባሰው ሌላ ነው። እሑድ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ዕርቅ አለ። የሰው ሕይወት ጠፍቶ በሁለት ቤተሰብ መካከል ደም አለ፤ ዋናው አስታራቂ አያ ውበቱ ናቸው። ለፍተው ለፍተው እዚህ ያደረሱት እሳቸው ናቸው። አሁን «አልሄድም» አሉ። «የሚሳቅበት ሰው ደም አያደርቅም።» የሟች ልጅ ደግሞ ዕርቁን ከሳቸው እጅ ካልሆነ ከማንም አልቀበልም ብሏል። ዕርቁ ከፈረሰ የሚቀጥለው ምን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ እኮ ወንበር ላሻሽጥ ነበር።

ሐሙስ

ዘመድ ደረሰላቸው። ምነው ባልደረሰ!

ከዳንግላም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከአዲስ አበባም የአያ ውበቱ ወገን ሁሉ ፎቶው ሥር እየገባ ይጽፋል። አንዱ ይረግማል፣ አንዷ ትመክራለች፣ አንዱ የዘር ሐረጋቸውን ይቆጥራል። ሙሉቀን እንዳለን አስቀምጦ ለመነው፦ «አትመልሱ። መልስ በበዛበት ቁጥር ፎቶው ላላየው ሰው ይታያል። እናንተ ናችሁ ወደ ላይ እያወጣችሁት ያላችሁት።»

እንዳለ ወደሱ ዞረ። «አባቱ ሲሰደብ ዝም ያለ ልጅ እዚህ አገር ምን ይባላል?»

እውነቱን ነው። ሙሉቀንም እውነቱን ነው። ከሰዓት ጀምሮ አንድ የአጎታቸው ልጅ «አባታችንን አክብሩ!» ብሎ ያንኑ ፎቶ ራሱ እንደገና ለጥፎታል። የቀልዱ ጽሑፍ የሌለበት ንጹሑን። ለሌላ ቀልድ የተመቸውን።

ማምሻውን ኔትወርክ ጠፋ። ደስ አለኝ። ከዚያ የጠፋው እዚህ ብቻ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ዓርብ

ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድሁ። ባጃጁ መንገዱ ሲያልቅ አወረደኝ፣ የቀረውን በጭቃ። አያ ውበቱ ደጅ ተቀምጠው ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ። ቀና ብለው «ግቢ» አሉ።

«የለጠፍሽው አንቺ ነሽ?»
«አዎ አያ። ይቅር ይበሉኝ።»
«እንግዲያ ንቀይዋ።»
«ከኔ ጋ ያለውን ነቅያለሁ። ሌላ ሰው ጋ ያለውን ግን አልችልም።»
«ማን ጋ ነው ያለው? ንገሪኝ፣ ሰው ልላክበት።»

ሰው ሊልኩበት! የት ብለው? አገሩን በሙሉ እንዴት በሽማግሌ ያስለምኑታል? አለቀስሁ። ባለቤታቸው የተቀቀለ ድንች አቀረቡልኝ። ሰው አዋርጄ ድንቹን በላሁ፤ አልበላም ማለት ደግሞ ሌላ ስድብ ነው።

ስለ እሑድ ስጠይቃቸው ቀርከሃ መሰንጠቃቸውን ቀጠሉ።

ቅዳሜ

ምንም። ለአንድ የዳንግላ ሆቴል ድረ ገጽ ቀለም ስመርጥ ዋልሁ፤ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ መልሼ አረንጓዴ። በየመሃሉ ፎቶውን እከፍታለሁ። አዲስ ጽሑፍ፣ አዲስ ሳቅ፣ አዲስ የዘመድ ቁጣ። እንዳለ ደውሎ «እሺም እምቢም አይሉ» አለ።

እሑድ

ሄዱ። እንዳለ ነይ ስላለኝ እኔም ሄድሁ፤ ከሴቶቹ ጋር ቆምሁ። የሟች ወገን በአንድ በኩል፣ የገዳይ ወገን በሌላ በኩል። በደንቡ መሠረት ጠመንጃና ዱላ ሁሉ ከሽማግሌዎቹ ፊት ተከመረ። አያ ውበቱ ሊናገሩ ተነሡ።

ከወጣቶቹ መካከል ስልኮች ወጡ። አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

አያ ውበቱ ስልኮቹን አንድ በአንድ አዩ። በቃ አበቃ፣ ይመለሳሉ፣ በኔ ምክንያት ሰው ሊሞት ነው አልሁ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አወለቁና ከጠመንጃዎቹ አጠገብ ዘረጉት።

«ስልኩም እዚህ ይቀመጥ።»

ጉምጉምታ ሆነ። አንዱ ጎረምሳ «አያ፣ ስልክ እኮ መሣሪያ አይደለም» አለ።

«እኔን ያቆሰለኝ እሱ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ልጄ፣ ካንቺ እንጀምር።»

ሰው ሁሉ አየኝ። ሄጄ የኔን አስቀመጥሁ። ከኋላዬ እንዳለ፣ ከዚያ ያ ሳቁን በሳል የሸፈነው፣ ከዚያ ሁሉም። ጋቢው ላይ አንዳንዱ ስልክ ይነዝራል።

የገዳይ ወንድም ይቅርታ ለመለመን ድንጋይ ተሸክሞ አጎነበሰ። የሟች ልጅ ቆየ፣ በጣም ቆየ፣ ከዚያ ድንጋዩን ከትከሻው አነሣለት። ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ውበቱ መረቁ፤ እጃቸው ወደ ላይ፣ ዓይናቸው ተጨፍኖ፣ አፋቸው ተከፍቶ። የሳቀ የለም። እኔም ከሴቶቹ ጋር አሜን አልሁ።

ስልኮቹን ለየባለቤቱ የመለሱት ራሳቸው ናቸው። የኔን ሲሰጡኝ «ፎቶው ጠፋ?» አሉኝ።

ከፍቼ አየሁ። «አልጠፋም አያ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ በሳምንቱ መጥተሽ ሌላ አንሽኝ። አሁን አፌን እዘጋለሁ። እሱን ስትለጥፊ ያኛው ይነሣል።»

ከልባቸው ነው። ዕርቅ ላወረዱ ሰው፣ በዚያች ሰዓት፣ አዲሱ ፎቶ አሮጌውን እንደማያነሣው እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «እሺ» አልሁ። ካሜራውን ይዤ እሄዳለሁ።