ደም ያልነካው ስላይድ ወባ ተገኘበት

ለተከበሩ አቶ ደገፉ፣ ለጤና ጣቢያችን ኃላፊ

አቶ ደገፉ፣ እርስዎን ነው፤ በሩ ላይ የለጠፍኩትን አይተው እንዳላዩ አይለፉ። ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና አጥብቄ እመኛለሁ፤ ከታመሙ የሚመረመሩት በራስዎ ላቦራቶሪ ነውና፣ ያንን ለጠላቴም አልመኝም።

ኤርካሎ እባላለሁ፤ ዱንጉዛ የተባለውን ባለ ቀለም ጥበብ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ክር ቀለም የምነክር፣ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሰው ነኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጄን ትዕዛዝን ትኩሳት ከያዛት ስድስት ሳምንቷ ነው። አቤቱታዬ ይኸው፦

1. ሦስት ጊዜ ተመረመረች፣ ሦስት ጊዜ ወባ ተባለች፣ ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒቱን ኮአርተምን ጨረሰች፤ ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም። ስለ ትጋታችሁ አመሰግናለሁ፤ በሽታዋ ባይታወቅም መድኃኒት አልነፈጋችኋትም።

2. ነገሩ ቢከነክነኝ፣ ከሶዶ ገበያ የክር ሸክም ይዤ በእግሬ የመጣሁት ጤነኛው እኔ ተመረመርኩ። ወባ! ከኔ ፊት የነበሩት እማማ አባይነሽ ጥርሳቸውን አሟቸው ነበር የመጡት፤ እሳቸውም ወባ። ማንንም ሳትለዩ ስለምታስተናግዱ ምስጋናችን የላቀ ነው።

3. የላቦራቶሪው ኤልሳዕ ለምኜው ደሜ ተቀብቶ በቀለም የተነከረበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ በማይክሮስኮፑ አሳየኝ። ጥቋቁር ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች አየሁ፤ ወባው እሱ ነው አለኝ። ጌታዬ፣ እኔ ሃያ ዓመት ቀለም ነክሬአለሁ፤ ያደረና ያልተጣራ ቀለም ክር ላይ ልክ እንደዚያ ፍርፋሪ ይጥላል። እስቲ ደም ያልነካው ንጹሕ ስላይድ በዚሁ ቀለም ንከርልኝ አልኩት። ነከረው፤ ወባው እዚያም ላይ ቁጭ ብሏል።

4. ቀለሙ በየዕለቱ ተበጥብጦና ተጣርቶ ሊሠራበት እንደሚገባ ኤልሳዕ ያውቃል። ግን በሰኔው ግምገማ አንዱን ብጥብጥ ሳምንት ሙሉ በመጠቀማችሁ «በብክነት ቅነሳ አርአያ» ተብላችሁ፣ የምስክር ወረቀቱም ከእርስዎ ወንበር በላይ ተሰቅሎ እያለ፣ ያደረውን ቀለም ለመድፋት ወኔው ያለው ማን ነው? እሱን ከመቅጣትዎ በፊት ቀና ብለው ግድግዳዎን ይመልከቱ።

5. ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ይሄ አይቅር። ወደ ሶዶ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፉልኝ ብዬ ደጅ ብጠናዎት፣ ወባ እዚሁ ይታከማል ብለው መለሱኝ። ወባ ተገኝቷል ስለተባለ ሌላ በሽታ የሚፈልግላት ጠፋ። ልጄ የምትወደውን ጎዳሬ እንኳን መዋጥ ትታለች። ትናንት ፀሐይ እንድትሞቅ እናቷ ጥሩነሽ አዝላ አወጣቻት። ልጄ መድኃኒቱን አንድም ሳላስቀር ውጫለሁ እያለች ትምልልኛለች፤ ያልዳነችው በራሷ ጥፋት መስሏታል። ለዚህ ልጅ ምን ብዬ ልመልስላት? እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ያስተምሩኝ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው፣ ነገ በገበያው ሰዓት ማይክሮስኮፑን በረንዳ ላይ አውጥተው፣ በዚያው ቀለም ባዶ ስላይድ አስነክረው፣ በራስዎ ዓይን አይተው፣ ያዩትን በሕዝብ ፊት እንዲናገሩ ነው። ቢሮ ጠርተው በጆሮዬ እንዳይነግሩኝ። ልጄ ወባ አለባት ያላችሁት በሕዝብ መዝገብ ነው፤ መልሱም በሕዝብ ፊት ይሁን!

ቁጠባዎን እያደነቅሁ፣ ልጄን ግን እንዳይቆጥቡብኝ እየለመንኩ፣

ኤርካሎ፣ ክር ነካሪው
ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ደም ያልነካውን ስላይድ ከዚህ ደብዳቤ ቅጂ ጋር ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጬልዎታለሁ። በእናንተ አሠራር ወባ ስላለበት እዚሁ ያክሙት፤ ሪፈሩን ለልጄ ይፈርሙላት።