በሦስተኛው ገጽ የተጻፈው ስሜ

ለተወደድሽው እትዬ ሲዩ-ፌን፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? የኦሳካ ብርድ ለቀቀሽ ወይስ እስካሁን ሁለት ካልሲ ደርበሽ ነው የምትተኚው? ባለቤትሽን ሳሉ ተወው? እኔ ደኅና ነኝ፤ እማዬም ደኅና ናት፤ የምናረባቸው ዛጎሎችም ደኅና ናቸው። ደኅና ያልሆኑት ጋሽ ቲን-ሆክ ብቻ ናቸው። ምክንያቱን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

እንደምታውቂው፣ ወንድም ሴትም እንዳልሆንኩ በአደባባይ ከተናገርኩ ጀምሮ፣ የመቅደሱ ሽማግሌ ጋሽ ቲን-ሆክ ስሜን ከወንዶች መዝገብ ሰርዘው፣ ከሴቶቹም ሳያስገቡ ስድስት ዓመት አንሳፈፉኝ። ስሙ ያልተጻፈ ሰው የመቅደሳችንን አምላክ የባሕሯን እናት ምስል አይሸከም፣ ግቢዋን አይጠርግ፣ ሲሞትም ዕጣን አይጨስለት። እማዬን የሚያስለቅሳት ይቺ የመጨረሻዋ ነበረች።

ትናንት በባሕሯ እናት ልደት ቀን የመቅደሱን ዕጣን ማጨሻ ለዓመት በቤቱ የሚያኖር ሰው ሲመረጥ፣ እማዬ ብድግ ብላ «የልጄም ስም ይጠራ» አለች።

ጋሽ ቲን-ሆክ «በየትኛው መዝገብ? በዳክዬዎቹ?» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ቀልዱ ጥሩ ነበር። «ይሁን፣ የባሕሯ እናት ራሷ ትመልስላችሁ» ብለው ስሜን ከወንዶቹ ጋር ጠሩና እሺታዋና እምቢታዋ የሚታወቅባቸውን ሁለቱን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ እንጨቶች ወረወሩ።

እትዬ፣ እንጨቶቹ አልወደቁም። ሁለቱም እንደ ወታደር በጠርዛቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። ጋሽ «ወለሉ ነው» አሉ። አናጢው ውሃ ልክ አምጥቶ ለካ፤ ወለሉ ምንም አልሆነም። ከሴቶቹ ጋር ጠሩኝ፤ እንጨቶቹ ዳግም ቆሙ። በማራገቢያ አራገቡባቸው፤ ንቅንቅ የለም። እፍ አሉባቸው፤ የወደቀው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ብቻ ነው።

ያኔ የጋሽ ታላቅ እህት፣ ዕድሜ ልካቸውን ሱሪ ታጥቀው መረብ ሲጠግኑ የኖሩት እማማ ጉዌት፣ «አንተ ግትር፣ ስሙን ብቻ ጥራና ገላግለን፤ እግሬ ደነዘዘ!» ብለው ጮኹ።

ስሜን ብቻ ጠሩ። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ወደቀ፤ እሺታዋ! ደገሙ፤ እሺ። አሥራ አራት ጊዜ በተከታታይ! ጋሽ አምና በሰባት እሺታ አሸንፈው ዓመቱን ሙሉ ጆሯችንን ያደነቆሩት ሰውዬ ናቸው እኮ።

«ሆኖም ማጨሻውን የሚወስድ ሰው ስሙ በመዝገብ ሊኖር ይገባል» አሉ። ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸውና፣ ራሳቸው ከወንዶቹና ከሴቶቹ ገጽ ቀጥሎ ሦስተኛ ገጽ ገልጠው በዚያ ውብ የብሩሽ ጽሑፋቸው ጻፉኝ። እማዬ ቀለሙ እስኪደርቅ መዝገቡ አጠገብ ዘብ ቆመች።

ብሩሹን ሊያስቀምጡ ሲሉ እማማ ጉዌት ክንዳቸውን ያዙ። «ቆይ፣ ከሥሩ የእኔንም ጨምር።»

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ?»

«ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ የኖርኩትን ነዋ! ገጽ አጥቼ እንጂ።»

ጋሽ ቲን-ሆክ ብሩሹን ዳግም ቀለም ነክረው ጻፉ።

እማዬ ማታውን ዳክዬ አረደች፤ «ይህቺ ከመዝገቡ ተሰረዘች» አለች። ማጨሻው አሁን ከአባዬ ፎቶ ፊት ተቀምጧል። ዛሬ ጧት ጋሽ ቲን-ሆክ ሊያጥኑ መጡ። እንደ ደንቡ ለባለ ማጨሻው ሦስት ጊዜ ማጎንበስ አለባቸው። አጎነበሱ። እኔም በታላቅ ትሕትና ቆጠርኩ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ማር ይላስ። ትንሿን ሜይን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። የአከራይሽን ድመት ሳይቀር ሰላም በይልኝ። እማዬ «ለሚቀጥለው ልደቷ ሳትመጪ እንዳትቀሪ፤ ቤታችን የሚያጥን ሰው ሞልቶበታል፤ ሻይ የሚቀዳ ጠፋ» ብላለች።

ባለ ማጨሻው ዪ-ሃይ
ቱንግ-ኋ መንደር፣ ታይዋን
በሦስተኛው ጨረቃ በ24ኛው ቀን