በስፌት መኪና ጩኸት ውስጥ የተነገረ እንግሊዝኛ

ግንቦት 14 ቀን

ልጅሽ ትናንት የእንግሊዝኛ የቃል ፈተናዋን ጥላ ወጣች።

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለው? የዚያ አገር ብርድስ ለቀቅ አደረገሽ ወይ? እኛ ከድካም በቀር ደህና ነን። ልጅሽም ጤናዋ ደህና ነው።

በጽሑፍ ፈተና ማንም አይደርስባትም። ቁሚና ተናገሪ ስትባል ግን ምላሷ ይተሳሰራል። ትናንት ሰሌዳው ፊት ቆማ አንድ ቃል ተጣሞ ወጣባት፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ቦርሳዋን አንስታ መጣች። “አጎቴ፣ ትምህርቱ ይቅርብኝ፤ ስፌት አስተምረኝ” አለችኝ። የፈራሁት ይህንኑ ነው። እዚህ ወንበር ላይ አንዴ የተቀመጠ አይነሣም፤ እኔን እይኝ።

ሱቄ ውስጥ ግን ሌላ ሰው ናት። የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ማንም አይሰማኝም ብላ ጥናቷን በእንግሊዝኛ ጮክ ብላ ታወራዋለች። እኔም ያልሆነውን እየቀባጠርኩ እመልስላታለሁ። ታርመኛለች፣ ትስቅብኛለች፣ በዚያው ፍርሃቷን ትረሳለች። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን በበሩ አስግጎ “አንተን ደግሞ መቼ ፈረንጅ አደረጉህ?” ይለኛል። ይበል። ባለፈው ክር ተበጥሶብኝ መኪናው ቀጥ ሲል እሷ ሳታስተውል ወሬዋን ቀጠለች። እንዳትባንን ብዬ መርፌው ላይ እንዳቀረቀርኩ ቆየሁ።

ዛሬ ጠዋት ሥራዬን ትቼ መምህሯ ዘንድ ሄድኩ። እሱም እንደኔው የታከተው ሰው ነው። “ለአንዷ ብዬ ሥርዓት ላፍርስ እንዴ?” አለኝ። ቆይቶ ግን ዛሬ ከሰዓት፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ ከሱ ጋር ተቀምጣ እንድትፈተን ፈቀደ። ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል የለም ብሎኛል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትደውዪ “በእንግሊዝኛ አውሪኝ” አትበያት። በየቃሉ ታርሚያታለሽ፤ እሷ ደግሞ ከክፍሉ ሳቅ ይልቅ አንቺን ማሳፈር ትፈራለች። ለደግ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። “ዛሬ ምን በላሽ?” ብለሽ ብቻ ጠይቂያት።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ትንሹን ጉልበተኛ ልጅሽን ጉንጩን ሳሚልኝ። ለአማትሽም ጉልበት ስሜያለሁ በያቸው። ባለቤቴ ናፍቆቷን ልካልሻለች፤ መንታዎቹ ልጆቼም አክስቴ አክስቴ ይላሉ።

የደንበኛ ሱሪ መርፌው ሥር እንደተያዘ ነው፤ ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ይነጫነጫል። ልጅሽ ጫማዋን አስራ ጨርሳለች። “አጎቴ፣ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ብቻ ሸኘኝ፤ ከዚያ ብቻዬን እገባለሁ” ትላለች። ሰውየው ይጠብቅ፤ መውጣቴ ነው።